ጀርባችንን ለሐይቁ

ሐይቅ ያለበት ከተማ የሚኖር ሰው ዘመድ አያልቅበትም። አዲስ አበባ ሳለሁ የአክስቴ ቤት ከቤቴ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ነበር። የምንገናኘው ግን ወይ ለቅሶ ላይ ወይ ሰርግ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከሌሉ እኛም የለንም። ሥራ ሐዋሳ ሲያመጣኝ በመካከላችን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ናፍቆታችን አይጣል ነው። “ምነው ጠፋህ? ድምፅህን እንኳ ብታሰማን ምን አለበት!” ብለው ይደውላሉ። የልጆቹን ጤና ይጠይቃሉ። የባለቤቴን ጤና፣ የእናቷን፣ የወንድሟን ይጠይቃሉ። ከዚያ ጥቂት ዝም ይሉና፣ “ሐይቁስ ደህና ነው?” ይላሉ።

የሐይቁ ጤና ከተጠየቀ ነገር አልቋል። ባለቤቴ ፊቴን አይታ “ስንት ናቸው?” ትላለች፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ፍራሾቹ ፀሐይ ላይ ወጥተዋል።

እንግዳ ወቅት አለው። ገና የራሱን ያመጣል፣ ፋሲካ የራሱን፣ የትምህርት ቤት እረፍትም የራሱን። የሁሉም አለቃ ግን ገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ቁልቢ የራቀበት ሁሉ ስለቱን ይዞ ወደ ሐዋሳ ገብርኤል ይወርዳል። ሐዋሳ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ከገብርኤል አደባባይ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ጎዳናም ሳይጠማዘዝ ሐይቁ ዳር ያደርሳል። ስለት አስገብቶ በዚያው ቀጥ ብሎ መዝናናት ነው፤ ሐሳብ ለመቀየር እንኳ መታጠፊያ አይገኝም።

ሁለቱ ገብርኤሎች በማዕድ ይለያያሉ። የሐምሌው ረቡዕና ዓርብ ካልገጠመው በፍስክ ይውላል፤ የታኅሣሡ ግን ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ለሐምሌ እንግዳ ባለቤቴ የአገሯን ምግብ ቡርሳሜ ትሠራለች። የሲዳማ ልጅ ስለሆነች በቅቤ ጉዳይ አትደራደርም። በሸክላ ሻፌታ ሆኖ ሲቀርብ ቆጮው ቅቤ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ አጠገቡ እርጎ አለ። እትዬ፣ አክስቴ ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ የቀረበላቸው ቀን አጎንብሰው አዩና፣ “ልጄ፣ ቅቤው ነው የሚበላው ቆጮው?” አሉ። ከዚያ በኋላ ሲናገሩ የሰማቸው የለም፤ ሻፌታው ባዶውን እስኪቀር ድረስ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም።

አንዳንዱ ደግሞ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ ማየት ይፈልጋል። ጉዱማሌ ሜዳ ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ሕዝቡ እዚያ ሲተምና የቄጣላው ጭፈራ ሲደምቅ እውነትም አገር አቋርጠው ቢመጡለት አይቆጭም። በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ከሰፈረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ጠያቂው በዝቷል። ጋሼ፣ የእትዬ ባለቤት፣ “መቼ ነው የሚውለው?” ብለው ደወሉልኝ። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቱዎች የሚባሉ የሰማይ አዋቂ ሽማግሌዎች እንደሆኑ፣ ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው እንደሚያስታውቁ ነገርኳቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ “ታዲያ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን በምን ይሞላል?” አሉኝ።

የጉዞው ነገር ራሱን የቻለ ወግ ነው። “ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን፣ ቁርስ አንተ ጋ ነን” ይባላል። በ11 ሰዓት የሚነሳው ጋሼ ብቻ ናቸው፤ ካፖርታቸውን ለብሰው ሳሎን ይቀመጣሉ። ሌላው እየተለቃቀመ፣ የተረሳው እየተመጣ፣ የኮንትራት ሚኒባሱ ሾፌር እየተደወለለት ሦስት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ለእኔ ይደወላል። “ሞጆን አልፈናል!” ይሉኛል፤ ከስልኩ ጀርባ ግን አንድ ረዳት “ሳሪስ! ሳሪስ! የሞላ!” እያለ ይጮኻል። እኔም “በርቱ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ” እላለሁ። ዘመድ በዚህ ነው የሚቆየው።

መቂን፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አርሲ ነገሌን፣ ሻሸመኔን አልፈው ጥቁር ውሃ ሲደርሱ ከመኪናው መጀመሪያ የሚወርደው ሰው አይደለም፤ ድስት ነው። በነጠላ የታሰረ፣ በፌስታል የተጠቀለለ፣ በሁለት ሰው የሚያዝ። የታኅሣሡ ምስር፣ ጎመንና ስልጆ ይይዛል፤ የሐምሌው ዶሮ። እንጀራውም አለ። ቆሎውም አለ። አንድ ጊዜ ውሃ ጭነው መጥተዋል። “እትዬ፣ እኛ ምግብ የሌለን መስሎዎት ነው?” ስላቸው፣ “ሰው አገር ሲሄዱ ባዶ እጅ?” ይሉኛል። የሰው አገር የተባልኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የታኅሣሡን ላውጋችሁ፤ ከንግሡ ማግስት ያለውን ቀን።

ጠዋት አሞራ ገደል ነው። የሐዋሳን ሐይቅ በጠዋት ያላየ አላየውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ውሃው ይታወካል፤ ጠዋት ግን ረጭ ብሎ ይተኛል፤ ዓሣ አጥማጆቹም ሌሊት የተጣለ መረባቸውን ይዘው የሚገቡት ያኔ ነው። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቢልጫ አለ። አንድ ወጣት ግንድ ላይ ተቀምጦ ይበልታል። ቆሮሶውን በጎኑ ያጋድመዋል፤ ከጉንጩ ኋላ በሰያፍ ይቀድና ቢላዋውን በአከርካሪው ላይ አስደግፎ እስከ ጅራቱ ይስበዋል። ሥጋው አንድ ላይ ተነቅሎ ይወጣል። ገልብጦ ሌላውን ጎን ይደግማል። ቆዳውን ይገፍፋል፤ የቀረውን ጭንቅላትና አጥንት ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውራል። እየበለተ ከጓደኛው ጋር ስለ ትናንትናው ኳስ ይከራከራል፤ ክርክሩ ላይ አንድም ቃል አይሳሳትም፣ ዓሣው ላይም አንድም እሾህ አይቀርም።

የተወረወረው አጥንት መሬት አይነካም። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች አሉ። መላጣ ራሳቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው፣ በቀጫጭን እግሮቻቸው ይቆማሉ፤ አበል ሊቀበል ተሰልፎ መስኮቱ የተዘጋበት የድሮ ሹም ይመስላሉ። ሲቆሙ ከልጅ ይበልጣሉ። የአጎቴ ልጅ ትንሿ ሴት ልጅ ፊት ለፊት ገጥማቸው፣ እሷ አየቻቸው፣ እነሱም አዩዋት፤ ከዚያ ሮጣ የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። “አይነኩሽም፣ ዓሣ ነው የሚበሉት” ተባለች። “እኔ ዓሣ አለመሆኔን ማን ነገራቸው?” አለች፤ መልስ የሰጣት የለም።

በዚህ መሐል ዳቦው ያለበት ዘንቢል ዛፍ ሥር ቀርቶ ነበር። አንዲት ጦጣ ወረደች። አልቸኮለችም። የስልጆውን ክዳን አነሳች፣ አሸተተች፣ መልሳ ከደነች። ሙዙን ነቅላ ዛፏ ላይ ወጣች። እትዬ በሙዙ አልተናደዱም። “ስልጆዬን አሽትታ ተወችው!” እያሉ እስከ ማታ ነገሩን አልረሱትም።

አሞራ ገደል ላይ ሰው ዓሣውን ጥሬውን ይበላል፤ ከተበለተበት ላይ በዳጣ። ወጣቶቹ ወዲያው ገቡበት። ጋሼ ግን ወደ ኋላ አሉ። ጋሼን የማያውቅ፣ ጨዋ ሆነው ነው ይላል። ጋሼ ቅርጫ ሲገባ ታላቅና ታናሽ ብልትን በዓይናቸው የሚለዩ፣ ጥሬ ሥጋ ላይ ሐኪም የከለከላቸውን ለሐኪሙ ራሱ የሚያስረዱ ሰው ናቸው።

“ጋሼ፣ እርስዎ ጥሬ ይፈራሉ?” አልኳቸው።

“የበሬ ሌላ ነው። በሬ የማውቀው እንስሳ ነው፤ ሣር ነው የሚበላው። ይሄ ውሃ ውስጥ ተደብቆ ምን እንደሚበላ በምን አውቃለሁ?”

“ቆሮሶም እኮ የሚበላው በአብዛኛው ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው። ሣር በሉት።”

ጋሼ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። “አምባዛስ?”

“አምባዛ… አምባዛ ዓሣም ይበላል።”

“አየህ! ዘመዱን የሚበላ ነገር ጥሬውን አይበላም።” ፍርዱ ተሰጠ።

የጾሙ ክርክር የተነሳው ከዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤተሰብ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ጥያቄ እልባት አግኝቶ አያውቅም፤ በአገሪቱም አላገኘም። “የነፍስ አባቴ አይበላም ብለውኛል” አሉ እትዬ። ጋሼ ጥሬውን ይፍሩት እንጂ ጥብሱ ላይ ሐሳብ ነበራቸው፤ “ሐዋርያቱ ራሳቸው ምን ነበር ሥራቸው?” ብለው ጠየቁ። “ሥራቸውን ትተው ነው የተከተሉት!” አሉ እትዬ፤ ደርዝ ያለው መልስ ነው። የአጎቴ ልጅ ሚስት በክርክሩ አልገባችም፤ ዞር ብላ ለአስተናጋጁ “ለእኔ ጉላሽ” አለችው። አንዱ ለብለብ አዘዘ፣ አንዱ ሙሉውን የተጠበሰ። ጠረጴዛው ሲሞላና ሽታው ሲያውድ እትዬ ለዘብ አሉ። “እንግዲያው ለእኔ ሾርባውን ብቻ፤ ውሃ ነው እሱ።” ሾርባው መጣ። ማንኪያቸው ነጭ የዓሣ ሥጋ ይዞ ወጣ። ሁላችንም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየን። እትዬ ማንኪያውን አገላብጠው አዩት፤ “እኔ አላስገባሁትም” አሉና ጎረሱት።

ከቁርስ በኋላ ጀልባ ነው። የጀልባ ዋጋ የሚቆረጠው በጋሼ በኩል ነው፤ ባለጀልባው ዋጋ ሲጠራ ጋሼ ግማሹን ይላሉ፣ እሱ ይስቃል፣ እሳቸው ይሄዳሉ፣ እሱ ይጠራቸዋል፣ እሳቸው አይሰሙም፣ ባለጀልባው ሮጦ ይደርስባቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ጀልባው ላይ ተቀምጠን ጨርሰናል። እትዬ “እኔ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ፤ አንድ ሰው መትረፍ አለበት” ብለው ነበር። ሁሉም ሲሳፈር ግን ብቻቸውን ከአባ ኮዳዎቹ ጋር መቅረቱን አስበው ገቡ። ላይፍ ጃኬቱ ከነጠላቸው በላይ አልገባ፣ ከሥሩም አልሆነ፤ በመጨረሻ ጃኬቱን ታቅፈው ተቀመጡ።

ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ፣ “እዚያ ጋ፣ ሸምበቆው ሥር፣ ጉማሬ! ጆሮው ታያችሁ?” አለ። “አዎ አዎ! ታየን!” አልን። አንድ ሰው ግን “የቱ ጋ?” ብሎ ቢጠይቅ ሁላችንም የተለያየ ቦታ እንጠቁም ነበር። ከወረድን በኋላ ጆሮው ራስ ሆነ፤ ምሳ ላይ ራሱ ሙሉ ጉማሬ ሆነ። አዲስ አበባ ሲደርስ ጀልባዋን ሊገለብጥ ነበር ተብሏል፤ በስልክ ሰማሁ።

ከጀልባው ወርደን በግድቡ ላይ ስንሄድ ጋሼ የሐይቁ ነገር አልዋጥላቸው አለ። “ይሄ ውሃ መውጫው በየት ነው?” አሉኝ።

“መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም።”

“እንግዲያው ለምን አይሞላም?”

“ፀሐይ ይወስደዋል፣ መሬትም ውስጥ ለውስጥ ይጠጣዋል። ዝናብ በበዛበት ዘመንማ ይሞላል። ይሄ የምንሄድበት ግድብ የተሠራው ውሃው ከተማዋን እንዳይጋፋ ነው።”

“መውጫ የሌለው ውሃ ጨው አይሆንም? ሻላና አብያታ ጨዋማ አይደሉም እንዴ?”

እዚህ ላይ ጋሼን አደነቅኋቸው፤ ሊቃውንቱንም ያነጋገረ ጥያቄ ነው። የተለመደው መልስ ውሃው ከመሬት በታች ቀስ እያለ ስለሚሾልክ ጨዉ አይጠራቀምም የሚል ነው፤ ስለዚህም ዓሣው ይኖራል፣ እኛም እንበላለን። ይህን ስነግራቸው ወደ ውሃው ዞሩ፤ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆሙ። “ስንት ይጠልቃል?” “ጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ይበልጣል።” “ስፋቱስ?” “ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር።” ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይሄ ሁሉ ቦታ ያለ ካርታ!” አሉ።

ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሄድን። የምለው ነገር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉ ሻይ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ወንበራቸውን ወደ ውሃው አዙረው ነው የሚደረድሩት፤ ደንበኛ ሐይቁን እያየ እንዲቀመጥ። የእኛ ቤተሰብ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ወንበሮቹን መገልበጥ ነው። ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ይገጠማል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ክብ ይሠራል። ግማሹ ሰው ለሐይቁ ጀርባውን ይሰጣል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ሐይቁን የጋረደበትን የዘመዱን ፊት ያያል። አስተናጋጆቹ ለምደውናል፤ ሚኒባስ ሲቆም ሲያዩ ራሳቸው ጠረጴዛውን መግፋት ይጀምራሉ።

ፎቶውም ያው ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ “ሐይቁን አስገባልን እንጂ!” ይባላል። እትዬና ጋሼ መሐል፣ ልጆች ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ፤ የቀረው እየተጠራ ይጨመራል። ፎቶ አንሺው አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል፣ ሌላ እርምጃ፣ አጥር ይይዘዋል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሁሉም ሰው ገብቷል፤ ቦታ ያጣው ሐይቁ ብቻ ነው። በጋሼ ጆሮና በእኔ ትከሻ መሐል አንዲት ሰማያዊ ጭረት ትታያለች፤ እሷም ሐይቁ ትሁን የሰው ሸሚዝ እስካሁን ያከራክራል። የአጎቴ ልጅ ትልቋ ልጅ ለቲክቶኳ ብቻዋን ከሐይቁ ጋር ልትነሳ ሞክራ ነበር፤ እትዬ “ምነው ልጄ፣ ብቻሽን?” ብለው ገቡባት።

እዚያው አጠገባችን አንድ ፈረንጅ ተቀምጦ ነበር። ወንበሩ ወደ ሐይቁ፣ እጁ ላይ መጽሐፍ፤ ያነባል፣ ቀና ብሎ ውሃውን ያያል፣ ደግሞ ያነባል። እኛ ምሳ በልተን፣ ቡና ሁለተኛ ደርሶ፣ እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። እትዬ ሲያዩት ሲያዩት ቆዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ምስኪን፤ ሰው የለውም?” አሉ። ሊዝናና እንደመጣ፣ ዝምታ ወዶ እንደሆነ ብንነግራቸው አልሰሙም፤ “ዝምታ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?” አሉና ዳቦ በስልጆ አስይዘው ልጅ ላኩበት። ፈረንጁ ተነስቶ እጅ ነሳ። ቀመሰው። በላው። እትዬ ጦጣዋ ወዳለችበት አቅጣጫ ዞረው፣ “አየሽ?” አሉ።

እኔም አንድ ሰሞን በእኛ ሰዎች አፍር ነበር። ይህን ያህል መንገድ ተነድቶ መጥቶ ለውሃው ጀርባ መስጠት ምን ማለት ነው? እያደር ግን ገባኝ። እትዬን ቤታቸው ሄዳችሁ እዩአቸው፤ ሲቀመጡ አታገኟቸውም። “ቁጭ ይበሉ እንጂ” ሲባሉ “መጣሁ” ይላሉ፤ ወጥ ያማስላሉ፣ እንጀራ ይጨምራሉ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ሲነሳ ነው ከድስቱ ሥር የሚቀምሱት። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ናቸው። ወጣቶቹ ስልካቸው ውስጥ ናቸው። አንድ ጣራ ሥር ሆኖ ቤተሰቡ በየክፍሉ ተበትኗል። ሐይቁ ዳር ግን ማጀት የለም። ቴሌቪዥን የለም። እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ቄጤማው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ቡናውን ሌላ ሰው አፍልቶ ሰጣቸው። ያን ዕለት ነው ጋሼ እንዴት እንዳጯቸው ያወሩት። ሽማግሌ የተላከው ለእሳቸው ሳይሆን ለታላቅ እህታቸው እንደነበረ፣ ጋሼ ግን ቡና ያቀረበችውን ልጅ አይተው ሽማግሌዎቹን በጓሮ ጠርተው “ተሳስታችኋል” እንዳሏቸው አወሩ። “ውሸት ነው!” አሉ ጋሼ። “የትኛው?” “ጓሮ አልነበረም፤ በር ላይ ነው።” ልጆቻቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ኖረው አልሰሙትም።

ሐይቅ እንግዲህ ለዚህ ነው። ሰው ከቤቱ አውጥቶ፣ ሥራውን አስጥሎ፣ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል። ተራራም ይህን አይሠራም። ታቦር ተራራ ላይ የወጡ ቀን የቤተሰቡ ግማሽ ከታች ቀርቶ ነበር፤ የወጣው ግማሽ ደግሞ ሲያለከልክ ወሬ አልነበረውም። ሐይቅ ዳር ግን የሚወጣ የለ፣ የሚወርድ የለ፤ መቀመጥ ብቻ ነው። የተቀመጠ ሀበሻ ደግሞ ያወራል። ፈረንጁ ሐይቁን አየ፤ እኛ በሐይቁ ምክንያት እርስ በርስ ተያየን። የሁለታችንም ገንዘብ አልባከነም።

ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር፣ ሂሳቡ መጣ። የእኛ ቤተሰብ በሌላ ጉዳይ ሰላማዊ ነው፤ ሂሳብ ሲመጣ ግን ይታገላል። “አፈር ስሆን!” “እንዳትነካ!” “እኔ ቆሜ?” “እንግዳ አይከፍልም!” “አንተም የልጅ አባት ነህ!” አስተናጋጁ ደረሰኙን ከራሱ በላይ ይዞ መሐል ቆሟል፤ ጋሼ አንድ ክንዱን፣ እኔ ሌላውን ይዘናል። ድሮ እዚህ ላይ አሸናፊው ጉልበተኛው ነበር። ወይም “እጄን ልታጠብ” ብሎ ገንዘብ ያዥዋ ጋ የሄደው። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ግን ጨዋታው ተበላሽቷል። እኛ ስንታገል የአጎቴ ልጅ ጠረጴዛው ሥር በአውራ ጣቱ ጨርሶ ኖሯል። “ተከፍሏል” አለ አስተናጋጁ፤ ክንዱን ለቀቅነው። ጋሼ በጣም አዘኑ። “ሰው እንዴት ሳይታገል ይከፍላል?” አሉ። እስከ መኪናው ድረስ አላናገሩትም።

የመመለሻው ቀን “ዛሬ እንኳ እደሩ” እንላለን፣ “ሥራ አለብን” ይላሉ። መሸኛው በር ላይ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ዋናው ቁም ነገር ሁሉ የሚነሳው መኪና ከተነሳ በኋላ በመስኮት ነው። ማን ታመመ፣ ማን መሬት ሸጠ፣ ማን ሊያገባ ነው፤ ሁሉም በመስኮት። ከዚያ ይሄዳሉ፤ ግን ገና አልጨረሱም። ዝዋይ ላይ ፓፓያ፣ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ይጫናል። ሲመጡ ሰው የጫነ ሚኒባስ ሲመለስ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት የለውም፤ ልጆቹ በሽንኩርት ከረጢት ላይ ተኝተው ነው ቃሊቲ የሚገቡት። “ገብተናል፤ በጣም ተዝናንተናል፤ ሽንኩርቱም ረከሰልን!” ብለው ይደውላሉ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስደሰታቸው ከድምፃቸው ይታወቃል።

እናም መምጣት ያሰባችሁ ዘመዶቼ፣ ቤቱ ቤታችሁ ነው። ምስር አታምጡ፤ እዚህም ምስር አለ። ስልጆው ግን ይምጣ፤ ፈረንጁ እንደገና ሊመጣ ይችላል። ጀልባ የምትፈልጉ በጠዋት ተነሱ። ዓሣውን ከነጾም ክርክሩ አሰናድተን እንጠብቃችኋለን። ሂሳብ የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ታግሎ ይክፈል። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ሽንኩርቱን ሁልጊዜ በመመለሻችሁ ለራሳችሁ ነው የምትገዙት፤ እኛም እኮ ወጥ እንሠራለን፣ ያውም ለእናንተ። ስትመጡ መቂ ላይ ቆም በሉልን። ቀዩን፣ ደረቅ ደረቁን። አንድ ኩንታል ይበቃናል።